ከካስፓሮቭ ሽንፈት እስከ ጉኬሽ እንባ

ጋሪ ካስፓሮቭ እጁን ሰጥቶ ከወንበሩ ሲነሳ ጨዋታው ገና 19ኛው እርምጃ ላይ ነበር። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ዕለቱ ሜይ 11 ቀን 1997፣ በእኛ ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ተጋጣሚው አልነበረም። የአይቢኤም ባለሙያ ነው፤ ሥራውም ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር ያዘዘውን ጠጠር አንስቶ ማስቀመጥ ብቻ። ዲፕ ብሉ በአንድ ሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምራል። በ8ኛው እርምጃ ፈረሱን ሠውቶ የካስፓሮቭን መከላከያ በረገደው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር። የስድስቱ ጨዋታዎች ድምር 3½ ለ 2½ ሆኖ ተዘጋ። ከ1985 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፊላደልፊያ ላይ ይህንኑ ማሽን 4 ለ 2 የረታው ሰው ተሸነፈ።

በማግስቱ የቀብር ወሬ ተወራ። የሰው ልጅ በሚመካበት በአእምሮው ተበለጠ፣ ቼዝም አበቃለት፣ ከእንግዲህ ማን ቁጭ ብሎ ይጫወተዋል ተባለ። ሬሳው ግን አልተገኘም! በዲሴምበር 2022 ቼዝ ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ ብቻውን የተመዘገቡ አባላቱ 100 ሚሊዮን አለፉ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከዓለም ሻምፒዮኑ በላይ ይጫወታል፤ ሆኖም ቼዝ የሚማረው፣ የሚያስተምረውና ውድድር የሚመለከተው ሰው ከካስፓሮቭ ዘመን ይልቅ በዝቷል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለቼዝ ወዳጆች ብቻ አይደለም። ተርጓሚው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ግራፊክስ የሚሠራው ወጣት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘችው ተማሪ፣ ሁሉም «ይሄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እኔን ምን ሊያደርገኝ ነው?» እያሉ በሚጨነቁበት ዘመን ላይ ነን። ወዳጆቼ፣ ቼዝ ተጫዋቾች ይህን ጭንቀት ከእኛ ቀድመው ኖረውታል። የተሸነፉትም በከፊል አይደለም፤ ማሽኑ ጨርሶ በልጧቸዋል። ሆኖም ዛሬም ሰሌዳቸውን ዘርግተው እየተጫወቱ ነው፣ ያውም ከበፊቱ በተሻለ። ምን አድርገው እዚህ ደረሱ የሚለውን ማየት ይጠቅመናል።

ካስፓሮቭን ያየን እንደሆነ፣ እኔን ከ6ኛው ጨዋታ ይልቅ 2ኛው ይገርመኛል። በዚያ ጨዋታ ዲፕ ብሉ የሰው በሚመስል ትዕግሥት ቀስ እያለ አፈነው። ካስፓሮቭ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሰጠ። በኋላ ሲመረመር ግን ጉድ ተገኘ፤ እጁን በሰጠበት ሰዓት ሰሌዳው ላይ አቻ መውጫ ነበረው። ንግሥቱን ወደ ተጋጣሚው ንጉሥ ልኮ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ እያለ ማሽኑን መላወሻ ማሳጣት ይችል ነበር። በማግስቱ የራሱ ሰዎች ሲነግሩት ክው አለ። በዓለም ላይ ከእሱ የተሻለ ዓይን የነበረው ሰው አልነበረም፤ ታዲያ እንዴት ሳያየው ቀረ? እንዲህ ያለ ማሽን ቀዳዳ አይተውም ብሎ ስላመነ አጥብቆ አልፈለገውም። ማስላት አቅቶት አይደለም፤ ማስላቱን ለሌላ ስለተወ ነው።

ይህን ስጽፍ በእኛው መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የማየው ነገር ይመጣብኛል። «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ነው የሚለው» ከተባለ ክርክሩ ያልቃል። ማንም ወረቀት አንስቶ አይደምርም። ብርሃን ያለበት ስክሪን ያሳየው ቁጥር ሁሉ የተፈተሸ ይመስለናል። እጅ የምንሰጠው አንዳንዴ አቻ በምንወጣበት ቦታ ላይ ይሆን?

አሁን 27 ዓመት ወደፊት እንዝለል። ዲሴምበር 12 ቀን 2024፣ ሲንጋፖር። የቻይናው ሻምፒዮን ዲንግ ሊረንና የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ዶማራጁ ጉኬሽ 13 ጨዋታ ተጫውተው 6½ ለ 6½ እኩል ናቸው። የቀረው 14ኛውና የመጨረሻው ነው። እሱም ሰዓታት ተቆጥረውበት ወደ አቻ እያዘነበለ ሳለ፣ በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ግንቡን የማይሆን ቦታ ላይ አስቀመጠ። በዚያች ቅጽበት በየቤቱ በስልኩ የሚከታተለው ሁሉ ስህተቱን ዐወቀ፤ ከሰሌዳው ጎን ያለችው የኮምፒዩተር መለኪያ ወዲያው ወርዳለችና። በዓለም ላይ ማንም ሊነግረው የማይችል አንድ ሰው ግን ነበር፤ ጉኬሽ። እሱ ያለው የገዛ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ልጁ ሰሌዳውን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ገባው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ዲንግ እጁን ሰጠ፤ በቼዝ ታሪክ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰው የማያከራክር የዓለም ሻምፒዮን ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰ ያለቅስ ጀመር።

ማሽን ለማሽን የሚጋጠምበት ውድድርም አለ፤ ጥራቱ ከሰዎቹ ጨዋታ እጅግ የላቀ ነው። ያም ሆኖ ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያየው ሰው አላጋጠመኝም። ቭላዲሚር ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ በ2006 ቦን ከተማ ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ማት፣ ማለትም የንጉሡን መጠመድ፣ ሳያይ ቀርቷል። ጀማሪ ልጅ የሚያየውን ማለቴ ነው። እንዲህ ሊሳሳት የሚችል ፍጡር አንዳንዴ ሳይሳሳት ሲቀር ነው ደስ የሚለን። የእናንተም ሥራ ዋጋ ያለው እንከን ስለሌለው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ወደ ጉኬሽ ልመለስ፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ ነው። ልጁ በ2006 ቼናይ ውስጥ ተወለደ። በጃንዋሪ 2019፣ በ12 ዓመት ከ7 ወሩ ግራንድማስተር የተባለውን የቼዝ ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። የተወለደው ማሽን ሰውን ካሸነፈ ከ9 ዓመት በኋላ ነውና፣ ገና በሕፃንነቱ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዶ ያደገ ይመስላችኋል አይደል? ነገሩ ተቃራኒ ነው። አሠልጣኙ ቪሽኑ ፕራሳና ያሳደጉት የቼዝ ፕሮግራም ሳያስነኩ ነበር። እኩዮቹ እያንዳንዷን እርምጃ ለማሽን እያሳዩ መልስ ሲቀበሉ፣ እሱ ግራንድማስተር እስኪሆን ድረስ በራሱ አስልቶ፣ በራሱ ተሳስቶ፣ ስህተቱን በራሱ ፈልጎ ነው ያደገው።

ለምን ቢባል፣ ማሽኑ የሚሰጠው መልስ ቁጥር ነው። «ነጭ በ1.3 ይበልጣል» ይላችኋል። ነጭ ከአንድ ወታደር በላይ የሚገመት ብልጫ አለው ማለት ነው። ለምን እንደሚበልጥ ግን አይነግራችሁም። የጥቁር ንጉሥ ስለተጋለጠ ይሁን፣ ፈረሱ መውጫ ስላጣ ይሁን፣ ከ20 እርምጃ በኋላ የሚመጣ መዘዝ ስላለ ይሁን፣ መርምሮ መረዳት የእናንተ ድርሻ ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው ግን የተረዳ ይመስለዋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በተዘጋ ጊዜ፣ በውድድሩ አዳራሽ ስልክ በሩ ላይ በተሰበሰበ ጊዜ፣ በእጁ የሚቀረው ነገር የለም።

ከቼዝ ወጥተን ወደ ቤታችን እንግባ። ልጃችሁ የሒሳብ ጥያቄውን በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል፤ መልሱ ከነአሠራሩ ይመጣለታል። አንብቦ «ገባኝ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ በእርግጥም የገባው ይመስለዋል። እናንተም የሥራ ማመልከቻችሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽፎላችሁ ታነቡታላችሁ፤ ከምትጽፉት ያማረ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ስትባሉ ግን ያ ጽሑፍ አብሯችሁ አይቀመጥም። እኔ ማሽኑን ጣሉት የምል ሰው አይደለሁም፤ እንዲህ የሚሉ መካሪዎች ራሳቸው ማታ ማታ ሲጠቀሙበት አውቃለሁ። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አስቡ፣ የደረሳችሁበትን መልስ ጻፉ፤ ከዚያ ጠይቁ። ያሰበ ሰው ማሽኑን ሲጠይቅ ይማራል፤ ያላሰበ ሰው ሲጠይቅ ይገለብጣል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስልክ ይዘው የተቀመጡ ናቸው።

ጉኬሽም ቢሆን መሠረቱን ከጣለ በኋላ ከማሽኑ አልሸሸም። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። በ2017 መገባደጃ ዲፕማይንድ የተባለው ኩባንያ አልፋዚሮን ይፋ አደረገ። ለዚህ ፕሮግራም የሰው ጨዋታ አላሳዩትም፤ የቼዝን ሕግ ብቻ ነግረው ከራሱ ጋር እንዲጫወት ተዉት። በ4 ሰዓት ውስጥ በዘመኑ ኃያል የነበረውን ስቶክፊሽ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም በለጠው። ከዚያም 100 ጨዋታ ገጥመው 28ቱን አሸነፈ፣ 72ቱን አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። (ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ዴሚስ ሃሳቢስ ራሳቸው በ13 ዓመታቸው የቼዝ ማስተር ደረጃ የደረሱ ልጅ ነበሩ፤ በ2024 የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒዩተር በመተንበይ የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነዋል። ልጁን «ቼዝ ምን ያበላሃል» ለሚል አባት ይነገርልኝ።)

አልፋዚሮ ከድሉ ይልቅ በአጨዋወቱ አስደነቀ። ወታደርና ፈረስ እየሠዋ፣ ትርፉ ከብዙ እርምጃ በኋላ የሚገኝ ጫና ይፈጥራል። የጠርዙን ወታደር ያለ ፍርሃት ወደ ተጋጣሚው ንጉሥ ይነዳል። ማግነስ ካርልሰን ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በ2014 የደረሰበትን 2882 የደረጃ ነጥብ እስከ ዛሬ ሌላ ማንም ሰው አልደረሰበትም። «እኔ ከማሽን ምን እማራለሁ» አላለም። ጨዋታዎቹን አጠና፣ አጨዋወቱን ለወጠ፣ ከዚያ ትምህርት ማግኘቱንም በግልጽ ተናገረ፤ 2019ም ከምርጥ ዓመታቱ አንዱ ሆነለት። ቆየት ብሎ ተመራማሪዎች ከአልፋዚሮ ውስጥ ሰው የማያውቃቸውን የአጨዋወት ሐሳቦች አውጥተው ለአራት ግራንድማስተሮች አስተማሩ። አራቱ እነማን ነበሩ? ሆው ይፋን፣ ማክሲም ቫሺዬ ላግራቭ፣ በቦን የተሸነፈው ክራምኒክና ያ ያለ ማሽን ያደገው ጉኬሽ። ከትምህርቱ በኋላ ሲፈተኑ አራቱም ተሻሻሉ። ልብ በሉ፤ ሐሳቡን ሊረዱት የቻሉት ጥልቅ የራስ ዕውቀት ስለነበራቸው ነው። ለእኔ ብጤው ቢያሳዩት ጠጠር ሲንቀሳቀስ ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን፣ አነቃቂ ተናጋሪዎችን ትንሽ ልንካ። በየመድረኩ የሚነገር አንድ የቼዝ ታሪክ አለ። በ2005 ሰው ከኮምፒዩተር ጋር ተጣምሮ በሚጫወትበት ክፍት ውድድር፣ ሁለት አሜሪካውያን አማተሮች በሦስት ተራ ኮምፒዩተሮች ግራንድማስተሮቹን ሁሉ ረትተው አሸነፉ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግሩምም ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ ሰዎቹ ማሽኖቹን ማን ምን ላይ እንደሚጎብዝ ለይተው ይጠይቁ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ተናግሮ «ስለዚህ ሰውና ማሽን ሁልጊዜ ማሽንን ይበልጣል» ብሎ ማጨብጨብ ልክ አይደለም። ዛሬ በቼዝ ማሽኑ የእኛን እርዳታ አይፈልግም፤ ብንገባበት እንዲያውም እናበላሽበታለን። አድማጭን ለማስደሰት ያለፈበትን እውነት መሸጥ አይገባም። የእነዚያ ሁለት ሰዎች ትምህርት ሌላ ነው፤ የሚጠቀሙበትን ዕቃ ጠባዩን አጥንተውት ነበር። ያ ዛሬም ይሠራል።

ካስፓሮቭስ? ከሽንፈቱ በኋላ ተቆጣ፤ በ2ኛው ጨዋታ ከማሽኑ ጀርባ የሰው እጅ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ግን በቁጣው ተቀምጦ አልቀረም። ገና በ1998 ስፔን ሊዮን ከተማ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒዩተር አጠገቡ አድርጎ የሚጫወትበትን ግጥሚያ ከቡልጋሪያዊው ተጫዋች ቬሴሊን ቶፓሎቭ ጋር አድርጎ 3 ለ 3 ወጡ። ከሽንፈቱ 20 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ «ዲፕ ቲንኪንግ» የተባለ መጽሐፍ ጽፎ ያን ጥርጣሬውን ተወ። በመጽሐፉ የሚከራከረው ማሽንን መፍራት እንደማይገባ ነው። በዓለም ፊት በማሽን የተሸነፈ ሰው የማሽን ጠበቃ ሆኖ ሲመጣ ማየት እንዴት ያበረታል!

የቼዝ መጪው ጊዜ ሌላም ጣጣ አለው። ማሽኖቹ የመክፈቻ እርምጃዎችን ሁሉ ስላጠኑ፣ ትልልቆቹ ተጫዋቾች 20 እርምጃ በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ጨዋታው የማሰብ ሳይሆን የማስታወስ ይሆናል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ይህን አስቀድሞ አይቶ በ1996 የኋላው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን፣ 960 ዓይነት አነሳስ ያለውን ቼዝ አቀረበ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ችላ ቢለውም፣ ዛሬ ካርልሰንን የመሰሉ ተጫዋቾች በትልቅ ሽልማት ይወዳደሩበታል። ክራምኒክም ከዲፕማይንድ ጋር ሆኖ የተለያዩ አዳዲስ ሕጎችን በአልፋዚሮ አስሞክሯል።

በዚህ ጉዳይ እኛም የምንናገረው አለን። የአገራችን ቼዝ የሆነው ሰንጠረዥ፣ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የነበረው፣ አጀማመሩ ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ እንደየፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በቃል የሚያዝ መክፈቻ እዚህ የት አለ? ደግሞም የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት፣ ንጉሡን በኃያላኑ በግንብ ወይም በፈረስ ማጥመድ እንደ ጥበብ አይቆጠርም ነበር። ምስጋናው በደካሞቹ ጠጠሮች፣ ይልቁንም በወታደር ላጠመደ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ጽፈው አስቀምጠውልናል። ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሸነፍክ የሚቆጠርበት ጨዋታ፣ ማሸነፉን ማሽኖች በወሰዱበት ዘመን እንደገና ቢነሳ አይገርመኝም። ፕሮግራም መጻፍ የምትችሉ ልጆች፣ ሥራ ብላችሁ ያዙት።

ማሽኑ ያመጣልን ትልቁ ነገር ግን በሩን መክፈቱ ነው። ድሮ ጎበዝ ለመሆን ሞስኮ መወለድ፣ ካልሆነም ሞስኮ የተማረ አሠልጣኝ ማግኘት ይረዳ ነበር። ሕንድ የመጀመሪያውን ግራንድማስተር ቪስዋናታን አናንድን ያገኘችው በ1988 ነው፤ ዛሬ ግራንድማስተሮቿ ከ80 በላይ ናቸው። በ2024 ቡዳፔስት ላይ በክፍቱም በሴቶችም ምድብ የቼዝ ኦሊምፒያዱን ወርቅ ጠቅልላ ወሰደች። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ናይጄሪያዊው ቱንዴ ኦናኮያ ኒው ዮርክ አደባባይ ላይ 60 ሰዓት ቼዝ ተጫውቶ በድህነት ላሉ ልጆች ትምህርት ገንዘብ አሰባስቧል። ሌጎስ መንደር ውስጥ ያለ ልጅም ሆነ ደብረ ብርሃን ያለች ልጅ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ካስፓሮቭ በዘመኑ ያላገኘው አሠልጣኝ በነፃ አላቸው።

እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ሊቼስ የሚባለው ገጽ ነፃ ነው፤ ማስታወቂያም የለበትም። ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ባታውቁ እንኳ ያስተምራችኋል። ከሰው ጋር ተጫወቱ፤ የ1 ደቂቃ ሩጫ ሳይሆን ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ፣ የ15 ወይም የ30 ደቂቃ ጨዋታ ምረጡ። ሳትሸነፉ አትቀሩም። ስትሸነፉ ጣታችሁ «ተንትንልኝ» ወደሚለው ቁልፍ ይሮጣል፤ ያዙት። ደብተር አውጡና ጨዋታው የተበላሸው የት ላይ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰባችሁ፣ በምትኩ ምን ማድረግ ይገባ እንደነበር በገዛ ቃላችሁ ጻፉ። አጭር ይሁን፣ ሦስት መስመር ይበቃል። ከዚያ ቁልፉን ተጫኑና የእናንተን መልስ ከማሽኑ ጋር አስተያዩ። ከተስማማችሁ ደስ ይበላችሁ። ካልተስማማችሁ ደግሞ እሰየው፤ ነገ ማታ የምታጠኑት ተገኘ።